ሰርጌይ ራክማኒኖቭ፡ በአራት ደቂቃ ሙዚቃ የታሰረ ሰው

በዚህ ዕትም ስለ አንድ ሩሲያዊ የፒያኖ ሰው ላጫውታችሁ ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ። ደብረ ታቦር ተቀምጦ ስለ ሩሲያ ፒያኖ መጻፍ ምን የሚሉት ነገር ነው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ ከተማችን ከዚያ አገር ጋር የስም ትውውቅ ያላት ዛሬ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ በ1860ዎቹ ያሠሩት ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው በክሪሚያ ጦርነት ስሙ በገነነው፣ በዚያን ጊዜ የሩሲያ በነበረው ወደብ ነው። ሁለተኛ፣ የዚህ ሰው ታሪክ ግማሹ የሙዚቃ ቢሆንም ግማሹ የኛው ሙያ ታሪክ ነው። አንድ የጋዜጣ ሂስ ሰውን ምን ያህል ሊያደቅ እንደሚችል፣ አንድ የፈጠራ ወሬ ደግሞ እንዴት እውነት መስሎ ከትውልድ ትውልድ እንደሚዞር ከሱ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ እኔ አላገኘሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ሰውየው ሰርጌይ ቫሲልየቪች ራክማኒኖቭ ይባላል። የተወለደው ሚያዝያ 1 ቀን 1873 ኖቭጎሮድ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ አካባቢ ነው። በኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከነገሡ ገና አንድ ዓመት አልፏቸው ነበር ማለት ነው። ቤተሰቡ ባለርስት መሳፍንት ቢሆንም አባትየው ቫሲሊ የጦር መኮንንነቱን ትቶ በቁማርና በዝርክርክነት የሚስቱን ጥሎሽ ርስቶች አንድ በአንድ የበላ ሰው ነበር። የመጨረሻው ርስት ሲሸጥ ቤተሰቡ ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ውስጥ ወደ አንዲት ጠባብ ቤት ገባ። እዚያም የልጁ እህት ሶፊያ በዲፍቴሪያ በሽታ ሞተች፤ አባት ቤቱን ጥሎ ወጣ። ልጁ በዚያን ጊዜ ዐሥር ዓመቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ ለልጁ መጠለያ የሆነችው አያቱ ነች። አያትየው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ስለነበረች ልጅየውን እየያዘች ቅዳሴና የማታ ጸሎት ታስቆመው ነበር። የኖቭጎሮድ የቅድስት ሶፊያ ካቴድራል ደወሎች ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ የገቡት ያኔ ነው። ይህንን ለመረዳት ለኛ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። በደቡብ ጎንደር ደጋ ያደገ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጭጋጉ መሀል ከሩቅ የሚመጣ ደወል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በአንዳንድ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ተንጠልጥሎ የሚመታውን የድንጋይ ደወል የሰማማ ይበልጥ ያውቃል። ደወል ሲመታ አንዴ ጮሆ ዝም አይልም፤ ድምፁ እየሳሳ እየሳሳ ይቆያል፣ ሁለተኛው ሲጨመር ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል። ይህ የድምፅ መደራረብ የራክማኒኖቭ ሙዚቃ ዋናው ምሥጢር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በትምህርት ግን ሰነፍ ነበር። ኧረ ሰነፍ ብቻ ቢሆን! ሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ ገብቶ በ1885 የቀለም ትምህርቶቹን በሙሉ ወደቀ፤ የውጤት ካርዱንም እየፋቀ ለእናቱ ያሳይ ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ዘመዱ የሆነው እውቁ ፒያኒስት አሌክሳንደር ዚሎቲ መፍትሔ አመጣ። ልጁ ሞስኮ ኒኮላይ ዝቬሬቭ የተባለ መምህር ዘንድ ይሂድ አለ። ዝቬሬቭ ተማሪዎቹን እቤቱ እያሳደረ፣ እያበላና እያለበሰ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ክፍያም አይቀበላቸውም። በምትኩ ግን ተግሣጹ ከባድ ነው፤ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፒያኖው ፊት መቀመጥ ግዴታ ነው፣ የተራው ሰው ማታ የቱንም ያህል ቢያመሽ። ነገሩ የኔታ ዘንድ ከሚኖር የአብነት ተማሪ ሕይወት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ዝቬሬቭ ተማሪዎቹን ኦፔራና ቲያትር ይዟቸው መሄዱ፣ ቆሎ ትማሪውን ደግሞ ቁራሽ ለመለመን መውጣቱ ነው።

አራት ዓመት እንደ ቆየ ግን መምህርና ተማሪ ተጣሉ። ልጁ መጫወት ብቻ ሳይሆን መድረስም ፈለገ፤ ለዚህም ጸጥ ያለ የራሱ ክፍል ጠየቀ። ዝቬሬቭ ይህ ፒያኖ ተጫዋችነቱን የሚያበላሽ ከንቱ ሥራ መሰለው፤ ኩርፊያው ለዓመታት ዘለቀ። የታረቁት በ1892 ራክማኒኖቭ ከሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ በከፍተኛው የወርቅ ሜዳሊያ ሲመረቅ ነው። መምህሩ በዚያ ቀን የገዛ የወርቅ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ራክማኒኖቭ ያንን ሰዓት እስኪሞት ድረስ ይዞት ኖሯል።

ለምረቃው ያቀረበው ሥራ «አሌኮ» የተሰኘ ባለ አንድ ገቢር ኦፔራ ነው፤ በሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ነው ጽፎ የጨረሰው። ታሪኩ የተወሰደው ከአሌክሳንደር ፑሽኪን ግጥም ነው። ፑሽኪንን እኛ ኢትዮጵያውያን የቅድመ አያቱን የአብርሃም ሃኒባልን ነገር እያነሣን የኛ ነው ስንል ኖረናል፤ አዲስ አበባም ፑሽኪን አደባባይ የሚባል ቦታ አላት። ሃኒባል የተወለደው ካሜሩን ድንበር አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች መጥተው ነገሩ አሁን አከራካሪ ሆኗል፤ እኔም እዚህ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በዚያው በ1892 መኸር፣ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ራክማኒኖቭ አንድ አጭር የፒያኖ ሥራ ጻፈ። ስሟ ፕሪሉድ በሲ ሻርፕ ማይነር ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተጫወታት በሞስኮ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። (እነሱ የኤሌክትሪክ መብራት ኤግዚቢሽን ሲያሳዩ እኛ ከብቱንም ሰውንም ከጨረሰው ከክፉ ቀን ገና መውጣታችን ነበር።) በማግሥቱ ዓመት ከሌሎች አራት አጫጭር ሥራዎች ጋር ሆና ታተመች፤ አምስቱንም ለመምህሩ ለአንቶን አሬንስኪ መታሰቢያ አድርጓቸዋል። አሳታሚው የከፈለው ለአንዷ ሥራ አርባ ሩብል ነው። ከዚያ በኋላ ከዚች ፕሪሉድ አንድ ሳንቲም አላገኘም። ሩሲያ በዚያን ጊዜ ዓለም አቀፉን የደራሲ መብት ስምምነት ስላልፈረመች ለንደንም ኒው ዮርክም ያለ አሳታሚ ሁሉ እንደ ፈለገው አትሞ ሸጣት።

ፕሪሉድ የሚለው ቃል መቅድም ወይም መግቢያ ማለት ነው። ድሮ ድሮ ከዋናው ሥራ በፊት ጣትንም ጆሮንም ለማሟሟቅ የሚጫወቱት ነገር ነበር። በገና ደርዳሪ ቃል ከማውጣቱ በፊት አውታሮቹን እየነካካ ቅኝቱን እንደሚያስተካክለው፣ አዝማሪም ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት ማሲንቆውን እንደሚያስለቅሰው ማለት ነው። ፖላንዳዊው ሾፐን በ1839 ሃያ አራት ፕሪሉዶችን ምንም ሳያስከትሉ ለብቻቸው ቆመው አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ መቅድም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ራክማኒኖቭ ይህንን ባህል ነው የተቀበለው።

እስቲ ሙዚቃዋን በቃል ልሞክራት። የምትጀምረው በሦስት ኖታዎች ነው፤ ላ፣ ሶል ሻርፕ፣ ዶ ሻርፕ። (ዶ የምንለውን ኖታ እንግሊዞቹ ሲ ስለሚሉት ነው ሲ ሻርፕ የተባለችው።) ሦስቱም ወደ ታች የሚወርዱ፣ በፒያኖው ወፍራም ድምፅ በኩል በኃይል የሚመቱ ናቸው። ሦስት ጊዜ ድም፣ ድም፣ ድም! ወዲያው ጸጥታ ይሆንና በዚያ ጸጥታ ላይ እጅግ ለስላሳ ኮርዶች እንደ ሹክሹክታ ይገባሉ። የሹክሹክታው ዜማ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አንድ ቦታ ልትሄድ ነው ስትሉ ያው ሦስቱ ኖታዎች ከሥር ይመጡና ይመልሷታል። እንደገና ትሞክራለች፤ እንደገና ይመልሷታል። ያለቀላት ነገር የሚመስለው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው ድምፅ የሚለምን፣ ከታች ያለው ደግሞ ልመና የማይሰማ ዳኛ ይመስላል። ይህ የኔ አሰማም ነው እንጂ ደራሲው እንዲህ አላለም፤ ምን እንዳለ ኋላ እመጣበታለሁ።

መሀሉ ላይ ሌላ ነገር ይከተላል። ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በሦስት በሦስት የተቆራኙ ኖታዎች እየተንከባለሉ ይመጣሉ፣ ከላይ ያለው ዜማ ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ሰው እየሮጠ የሚናገር ይመስላል። ይህ እየጋለ እየጋለ ሄዶ ሁለት እጆች እየተፈራረቁ ኮርዶችን ከላይ እስከ ታች ሲያወርዱ ይጠናቀቅና፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መጨረሻ ሦስቱ ኖታዎች ይመለሳሉ። አሁን ግን ሹክሹክታ የለም። ያ ለስላሳ የነበረው ኮርድ ራሱ በሁለቱም እጅ ተደርቦ በሙሉ ኃይል ይመታል። የፒያኖ ጽሑፍ እንደ ወትሮው በሁለት የመስመር ረድፎች ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ድምፁ ስለበዛ ራክማኒኖቭ አራት ረድፍ ተጠቀመ። አንድ ፒያኖ ብቻውን የከተማ ደወል ሁሉ በአንድ ጊዜ የተመታ ያስመስላል። ከዚያ በመጨረሻዎቹ ሰባት የሙዚቃ ቤቶች (ባለሙያዎቹ ሜዠር ይሏቸዋል) ድምፁ እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል። ደወሉ ቆሟል፤ የሚሰማው ንዝረቱ ነው። አለቀ። ጠቅላላው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።

በአምስት ድምፅ ቅኝት ላደገ የኛ ጆሮ መጀመሪያ ላይ የሚያስቸግረው መሀሉ ነው። እነዚያ ግማሽ ግማሽ ድምፅ እየወረዱ የሚሄዱት ኖታዎች ከትዝታም ከባቲም ቤት አይደሉም። እኔ በስልኬ ደጋግሜ ካዳመጥኩ በኋላ ነው የለመድኩት። መጀመሪያውና መጨረሻው ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። አንድ የዶርም ጓደኛዬ ምንነቱን ሳልነግረው ባሰማው የቀብር ደወል ነው ብሎ ዝም አለ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የወሬው ነገር የሚመጣው። በ1898 ያ ዘመዱ ዚሎቲ በእንግሊዝና በአሜሪካ እየዞረ ኮንሰርት ሲያሳይ ይቺን ፕሪሉድ ተጫወታት። ሕዝቡ አበደ። አሳታሚዎች ወዲያው አትመው ሲያወጧት በራሳቸው ፈቃድ ስም አወጡላት፤ አንዱ የሞስኮ ቃጠሎ አላት፣ ሌላው የፍርድ ቀን አላት። ከዚህም የባሰ አንድ ታሪክ ተፈጠረ። በሕይወቱ ሳለ የተቀበረ ሰው ከሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ክዳኑን እየደበደበ ነው፣ እነዚያ ሦስት ኖታዎች ያ ድብደባ ናቸው ተባለ። ደራሲው እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። በ1910 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ በጻፈው ጽሑፍ ሙዚቃዋ ከራሷ ውጭ ሌላ ታሪክ እንደሌላት፣ ፕሪሉድ ስሜትን የሚያዘጋጅ ንጹሕ ሙዚቃ እንጂ ሥዕል እንዳልሆነ በግልጽ አስረድቷል። ምን ዋጋ አለው? የሬሳ ሣጥኑ ወሬ ዛሬም ድረስ በየፒያኖ ትምህርት ቤቱ ይወራል። ማስተባበያ ከወሬ ቀድሞ ደርሶ አያውቅም ሲባል እንሰማለን፤ እነሆ ማስረጃው።

ከዚህ በፊት ግን ሰውየውን ሊገድለው ጥቂት የቀረው ነገር ደርሶበት ነበር። መጋቢት 1897 የመጀመሪያው ሲምፎኒው በሴንት ፒተርስበርግ ቀረበ። ልምምዱ በቂ አልነበረም፤ በዚያው ምሽት ሌሎች አዳዲስ ሥራዎችም ነበሩ፤ ኦርኬስትራውን የመራው ግላዙኖቭ ደግሞ ጠጥቶ ነበር የሚሉ አሉ። ራክማኒኖቭ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አቅቶት ውጪ ደረጃ ላይ ሆኖ ጆሮውን ይዞ ነበር። በነጋታው የወጣው ሂስ ሁሉንም ጨረሰው። ጸሐፊው ሴዛር ኩዊ ራሱም የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ በመደበኛ ሥራው የምሽግ መሐንዲስ የሆነ ጄኔራል ነበር። ኩዊ ሲምፎኒውን በግብፅ ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች ጋር አነጻጸረው፤ ገሃነም ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢኖር እዚያ ያሉትን ያስደስት ነበር የሚል ይዘት ያለው ነገርም ጨመረበት።

ሂሱ በጣም የሚያስቅ ሂስ ነው፤ አንባቢ ወዶታል ማለት ይቻላል። ግን ከዚያ በኋላ ራክማኒኖቭ ለሦስት ዓመት ያህል ምንም የረባ ነገር መጻፍ አልቻለም። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ሌሎችን የሙዚቃ ሥራዎች እየመራ፣ ልጃገረዶችን ፒያኖ እያስተማረ ኖረ፤ ብዕሩ ግን ደረቀ። እዚህ ላይ ኩዊን ብቻ መኮነን ተገቢ አይመስለኝም፤ አቀራረቡ መጥፎ ነበር፣ ተቺ ደግሞ የሰማውን መጻፍ መብቱ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ኩዊ የሰማው ሲምፎኒውን ነው ወይስ የሲምፎኒውን መጥፎ አቀራረብ? ሁለቱን ለመለየት የጽሑፉን ኖታ ማየት ይበቃ ነበር፤ ኖታ ማንበብ ደግሞ የሚያውቀው ነው። ይህ ለምን እንዳሳሰበኝ የምታውቁት ሲምፎኒው በኋላ የደረሰበትን ስትሰሙ ነው። ራክማኒኖቭ አንድም ጊዜ ሁለተኛ ሳያሰማው ኖታውን ሩሲያ ጥሎ ወጣ፤ እዚያው ጠፋ። እሱ ከሞተ በኋላ የኦርኬስትራው ተጫዋቾች የየራሳቸው ወረቀቶች ሌኒንግራድ ውስጥ ተገኙና ሥራው ከነሱ ተገጣጥሞ በ1945 ሞስኮ ላይ ቀረበ። ዛሬ በትልልቅ ኦርኬስትራዎች የሚቀርብ የተከበረ ሲምፎኒ ነው። ደራሲው ሁለት ዓመት ቀድሞ ሞቷል።

ከዚያ ጨለማ ያወጣው ኒኮላይ ዳል የሚባል ሐኪም ነው። ዳል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሲሆን ራሱም ሙዚቃ የሚወድና ቪዮላ የሚጫወት ሰው ነበር። በ1900 መጀመሪያዎቹ ወራት ራክማኒኖቭ በየቀኑ እየሄደ ሕክምናውን ተከታተለ፤ ሂፕኖሲስና ረጋ ያለ ጭውውት የተቀላቀለበት ነበር ይባላል። ያንኑ ዓመት መጻፍ ጀመረ። የወጣው ሥራ ሁለተኛው የፒያኖ ኮንሰርቶ ነው፤ በ1901 ሲቀርብ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። መታሰቢያነቱንም ለዳል ሰጠው። ለሐኪም የተሰጠ ከዚህ የሚበልጥ ክፍያ ሰምቼ አላውቅም። የሚገርመው ደግሞ ያ ኮንሰርቶ የሚጀምረው ፒያኖው ለብቻው እንደ ደወል በሚመታቸው ኮርዶች ነው፤ ከሹክሹክታ ተነሥቶ እየጎላ ይመጣል። ፕሪሉዷ ያለቀችበት አሳሳል ተገልብጦ እንደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ደጎቹ ናቸው። በ1902 የአክስቱን ልጅ ናታሊያን አገባ፤ ለዘመዳሞች ጋብቻ ፈቃድ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ኢቫኖቭካ በተባለው የገጠር ርስት ክረምት ክረምት እየተቀመጠ ጻፈ፤ እርሻውንም ፈረሱንም ይወድ ነበር። በ1903 ዐሥር፣ በ1910 ደግሞ ዐሥራ ሦስት ፕሪሉዶች ጨመረ፤ ከመጀመሪያዋ ጋር ሃያ አራት ሆኑ፣ ልክ እንደ ሾፐን በሁሉም ቁልፎች አንድ አንድ። ከነዚህ ውስጥ ከመጀመሪያዋ የሚበልጡ እንዳሉ ባለሙያዎቹም ይላሉ፣ እሱም ያምን ነበር። አድማጭ ግን አልሰማም። በ1909 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሦስተኛውን ኮንሰርቶውን፣ ፒያኒስቶች እስከ ዛሬ የሚፈሩትን ሥራ፣ ተጫወተ። ሕዝቡ አጨብጭቦ ሲያበቃ የጠየቀው ያው ሲ ሻርፕ ማይነርን ነው። ሳይጫወታት ከመድረክ አያወርዱትም። በመጨረሻ ስሟን መጥራትም እያስጠላው መጣ፤ ግን ይጫወታታል። የኛ አገር ድምፃዊ ከሃያ ዓመት በፊት የዘፈነውን አንድ ዘፈን ካልዘፈንክ ተብሎ አዲሱ ሥራው ሳይሰማለት ሲቀር የሚሰማው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

በ1915፣ በጦርነቱ መሀል፣ የሌሊት ጸሎት የሚባለውን ትልቅ የመዘምራን ሥራ ጻፈ። አሥራ አምስት ክፍሎች አሉት፤ መሣሪያ የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። በርካታዎቹ ክፍሎች የተመሠረቱት በጥንታዊ የኦርቶዶክስ ዜማዎች ላይ ነው። በኛ ዘንድ ዋዜማውን ቆሞ፣ ሌሊቱን በማኅሌት አንግቶ ቅዳሴ የሚገባ ሰው ይህንን ሥራ ቢሰማ ቋንቋው ባይገባው እንኳ ሰዓቱን ያውቀዋል። በዚህ ረገድ ከሱ ጋር የምትቀራረብ አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች ብል አልተሳሳትኩም፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ሙዚቃ ተምረዋል፣ ካይሮ ላይም ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ መምህር ተምረዋል። በኋላ መንኩሰው ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው፣ የፒያኖ ሥራዎቻቸውን አስቀርጸው በሚገኘው ገንዘብ ሊረዷቸው ተነሡ፤ የመጀመሪያው ሸክላቸው የወጣው በ1967 ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ እስኪያርፉ ድረስ ገዳምና ፒያኖ አልተለዩም። ስለ እሳቸው ሌላ ሰው ሰፋ አድርጎ እንዲጽፍ ለክፍላችን ተማሪዎች ጥሪዬን አቀርባለሁ።

ወደ ራክማኒኖቭ እንመለስ። በ1917 አብዮቱ ፈነዳ። ኢቫኖቭካ ተዘረፈ፤ ያጠራቀመው ሁሉ እርሻው ላይ ነበር። ከስካንዲኔቪያ ለኮንሰርት ግብዣ ሲደርሰው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በባቡር ወደ ፊንላንድ ድንበር ወጣ፤ ከፊሉን መንገድ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ሄዱ። የያዙት ጥቂት ሻንጣና ጥቂት የሙዚቃ ወረቀት ነው። ተመልሶ አላያትም።

አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ገንዘብ የለውም። ደራሲነት ቶሎ እንጀራ አይሆንም፤ ስለዚህ ኮንሰርት ፒያኒስት ለመሆን ወሰነ። እስከዚያ ድረስ ይጫወት የነበረው በአብዛኛው የራሱን ሥራ ስለሆነ የሌሎቹን እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ማጥናት ነበረበት። በኅዳር 1918 ኒው ዮርክ ገባ። ከዚያ በኋላ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በየዓመቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ከተሞችን በባቡር እየዞረ ተጫወተ። በዘመኑ ከነበሩት ፒያኒስቶች ታላላቆቹ ተርታ መቆሙን የተቀረጹት ሸክላዎቹ ይመሰክራሉ፤ ፕሪሉዷንም ራሱ ከአንዴ በላይ ቀርጿታል። እነዚያን ቅጂዎች ስትሰሙ የምትገረሙት ጨርሶ ሳያለቅስ መጫወቱ ነው። ሌሎች የሚጎትቱትን እሱ ቀጥ ብሎ ያልፈዋል። በ1929 ደግሞ ዋልት ዲስኒ በሠራው አጭር የካርቱን ፊልም ላይ ሚኪ ማውስ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ያቺኑ ፕሪሉድ ሲጫወት ታየ። እንግዲህ አይጥም ሳይቀር ማለት ነው።

ከአገሩ ከወጣ በኋላ ባሉት ሃያ አምስት ዓመታት የጻፋቸው አዳዲስ ትልልቅ ሥራዎች ስድስት ብቻ ናቸው። ለዚህ የኮንሰርቱ ሩጫ አንዱ ምክንያት ነው፤ አገሩን ሲያጣ የመጻፍ ፍላጎቱንም እንዳጣ ግን ራሱ ለሚያውቁት ይናገር ነበር። በ1931 የሶቪየትን መንግሥት የሚወቅስ ደብዳቤ ላይ ከሌሎች ጋር ስለ ፈረመ ሙዚቃው እዚያ ለሁለት ዓመት ያህል ታገደ። ሂትለር አገሩን ሲወር ግን የኮንሰርት ገቢውን ለቀይ ጦር የሕክምና ዕርዳታ ላከ። መንግሥትና አገር ለሱ ሁለት ነገር ነበሩ።

ተቺዎቹም አልተዉትም። ዘመናዊዎቹ ያለፈበት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ ሰው አድርገው ያዩት ነበር። እሱ ከሞተ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1954 የታተመው እውቁ የእንግሊዝ የሙዚቃ መዝገበ ቃላት ግሮቭ ተወዳጅነቱ ብዙ አይቆይም የሚል ትንበያ አስፍሮ ነበር። አሁን ከዚያ ትንበያ ሰባ ዓመት አልፏል፤ ሁለተኛው ኮንሰርቶ ዛሬም አዳራሽ ይሞላል።

የመጨረሻው ኮንሰርቱ የካቲት 17 ቀን 1943 በአሜሪካ ኖክስቪል ከተማ ነበር። ታሞ ነበር፤ ጎኑን ያመዋል፣ ያስለዋል። በዚያ ምሽት ከተጫወታቸው አንዱ የሾፐን ሶናታ ነው፣ የቀብር ማርሽ ያለበት። በሽታው ካንሰር መሆኑ ታወቀ። መጋቢት 28 ቀን ካሊፎርኒያ ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ ሞተ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው በዚያው ዓመት፣ ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው።

መቃብሩ ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ኬንሲኮ በሚባል ሥፍራ ይገኛል። በ2015 የሩሲያ የባህል ሚኒስትር ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ብለው ጠየቁ፤ በአሜሪካ ያሉት ዘሮቹ እሱ ከሚስቱና ከልጁ አጠገብ ነው ያረፈው፣ አይነካም አሉ። በ2023 የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ዐፅም ከዊንዘር እንዲመለስ በድጋሚ ተጠይቆ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እምቢ ሲል እኛም ተመሳሳይ ክርክር ሰምተናል፤ ልዩነቱ ራክማኒኖቭ ያረፈው በቤተሰቡ መሀል መሆኑ ነው። ኢቫኖቭካ ፈርሶ የነበረው ቤት እንደገና ተሠርቶ አሁን ሙዚየም ሆኗል።